የይታይሽ ኪያርና የጅራቱ ውሃ

ይታይሽን የበደላት ባሻ ጓንጉል ነው። ስሙን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ማን ነበር እያላችሁ እንዳታቋርጡኝ ነው። ባሻን ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ በእኔ ተረት ውስጥ ግን በዳይ አንቱ አይባልም። በሉ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔም ተረቴን ልስጣችሁ።

ዱሮ ነው። ጃርት ከሰው ፊት ቆሞ ሲያወራ፣ ቅልም ሲናደድ ሲመልስ ነው። አንዲት ቀዝቃዛ ምንጭ የምታጠጣው መንደር ነበር። ምንጯ ከተራራው ሥር ትወጣለች፣ በቦይ ትወርዳለች፣ በየጓሮው ትገባለች። ውሃውን በተራ የሚያካፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል። የውሃ አባቱም ይኸው ባሻ ጓንጉል ነበር።

የይታይሽ ተራ ጎህ ሲቀድ ነው። አያቷ በዚያ ተራ አጠጣች፣ እናቷ በዚያ ተራ አጠጣች፣ እሷም በዚያ ተራ አጠጣች። ባሻ ጓንጉል ልጁን ሲድር ያንን ተራ አንስቶ ለአማቹ ሰጠው። ለይታይሽ የጅራት ውሃ ደረሳት። የጅራት ውሃ ማለት በሰው ሁሉ ጓሮ ዞሮ፣ ፀሐይ ላይ ሲንከራተት ውሎ፣ ከሰዓት በኋላ ለብ ብሎ እየተጎተተ የሚመጣ ትራፊ ነው።

ይታይሽ ዋጥ አድርጋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ሰው ከመንደሩ ሾላ ሥር ለምክር ተሰብስቦ ሳለ ሄዳ መሀል ቆመች።

«ባሻ፣ የእናቴን ተራ ምን ብለው ነው ለሙሽራ የሰጡት?»

«ሙሽራው ብዙ ተክሏል። አንቺ ምን አለሽ? ሦስት መደብ ሽንኩርት።»

«ኪያር አለኝ።»

«ኪያር የሌለው ማን አለ?»

«እንደኔ ያለ የለም። የኔይቱ ባንድ አንጓ አንድ አይደለም የምታፈራው፤ አምስት ስድስት ሆኖ በዘለላ ነው። አንዲት ሐረግ አርባ ትሰጠኛለች።»

ሰዉ ሳቀ። ባሻ ጓንጉል ሰዉ ስቆ እስኪጨርስ ጠበቀና፣ «እንግዲያው» አለ፣ «አንዲት ሐረግ አርባ ከሰጠችሽ ተራሽን እመልሳለሁ። በግንቦት ልደታ ንፍሯችንን ይዘን መጥተን እናያለን።»

አሁን የኪያሯን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ሲራራ ነጋዴ መሽቶበት ከቤቷ ቢያድር፣ ሲሄድ «በዘለላ የምታፈራ ናት፤ አንዲት ሐረግ አርባ ትሰጥሻለች» ብሎ ሦስት ፍሬ ዘር ሰጥቷት ነበር። ሦስት ነገርም ነግሯት ነበር። «አንደኛ፣ ባንድ ግንድ ብቻ በገመድ ሽቅብ አውጫት፤ ከጎን የሚወጣውን ቀንበጥ ቁረጪ። ሁለተኛ፣ የታችኞቹን አራት አንጓዎች አበባቸውን ንቀይ፤ መጀመሪያ ሥሯ ይጠንክር። ሦስተኛ፣ ፍሬው ጣት ሲያክል በየጠዋቱ ልቀሚ፤ አንድ ቀን እንኳ አትዝለይ።»

አንደኛውን ዘር ጉንዳን ወሰደው። ሁለተኛውን ዶሮ ጫረችው። ሦስተኛው በቀለ። በጎሁ ውሃ ጊዜ ሦስት ቅጠል አውጥቶ፣ እንደ በረደው ሰው ኩምትር ብሎ ከረመ። የጅራቱ ውሃ ከመጣ ወዲህ ግን በየቀኑ ክንድ እየጨመረ ሽቅብ ሮጠ። ይታይሽ ይህን በዓይኗ አይታለች። አይታ ግን አላየሁም አለች።

አንደኛውን ነገር አደረገች። ገመዱም፣ «እትዬ ይታይሽ፣ ደግ አደረግሽ፤ እኔ አንዲት እንጂ አምስት ሐረግ አልሸከምም» አላት።

ሁለተኛውንም አደረገች፤ የታችኞቹን አበባዎች ከንፈሯን እየነከሰች ነቀለች።

ከአምስተኛው አንጓ ጀምሮ ሐረጊቱ ማፍራት ያዘች። ባንድ አንጓ አምስት፣ በሚቀጥለው ስድስት። ንብ መጥታ፣ «እኔን ሳትጠብቅ አፈራች፤ ይህች ምን የምትባል ናት?» አለች። የይታይሽ ውሃ መቅጃ ቅልም፣ «ሥራ ፈታሁ ብለሽ ነው?» አላት።

ሦስተኛው ነገር ላይ ይታይሽ እምቢ አለች። በየጠዋቱ ለቅማ፣ ቆጥራ፣ ለጎረቤት ብታበላ ማንም አይከለክላትም ነበር። ግን አርባው ሁሉ ባንድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ባሻ ጓንጉል አይቶት አፉን ሲከፍት ማየት ፈለገች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፏም እግሯም አላርፍ አለ። ትነሳለች፣ ትቆጥራለች። ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ትቆጥራለች። ወጡን ጥዳ ትሄዳለች፤ ወጡ ያርራል፤ እሷ ትቆጥራለች።

ሃያ ስድስት በሞላበት ቀን ሐረጊቱ ተናገረች።

«እናቴ፣ የታችኞቹ ጣት አክለዋል። ውሰጅልኝ።»

«ዝም በይ፣ ቁጥሬ ይጠፋብኛል።»

ከአጥሩ ሥር አንድ ጃርት አንገቱን ብቅ አደረገ። እሾሁን አለዝቦ፣ ድምፁን አለዝቦ።

«እሜቴ ይታይሽ፣ እኔ እርስዎን ብሆን አልነካቸውም። የባሻን ፊት ያስቡት እስቲ። ደግሞ እየሰነባበቱ ሲፋፉ፣ ሆዳቸው ሲነፋ፣ ፍሬያቸው ሲጎመራ…» ምራቁን ዋጠ።

«አንተን ምን አገባህ?»

«ለክብርዎ ብዬ ነው እንጂ እኔማ ምን አለኝ።»

ክብር የሚለው ቃል ይታይሽ ጆሮ ገብቶ ወደ ልቧ ወረደ። አልለቀመችም።

ሠላሳ አራት በሞላበት ቀን ሐረጊቱ ደግማ፣ «እናቴ፣ ከብዶኛል፣ ውሰጅልኝ» አለች። ውሃ ሲቀዳ የነበረው ቅልም አብሮ ለመነ።

«እትዬ፣ ልጅቱን ስሚያት። ውሃውስ ተስማምቷታል። የጎሁን ስትጠጣ ሥሯ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ይህን ለብ ያለውን ግን እየጣማት ነው የምትጠጣው። የጎደላት ሸክም የሚያወርድላት ነው።»

«አንተም ከባሻ ጋር ተማከርክ?» አለችና ቅሉን ባፉ ደፋችው። አልለቀመችም።

ሠላሳ ዘጠኝ በሞላበት ቀን ለልደታ አምስት ቀን ቀርቶ ነበር። አንድ ብቻ ጎደላት። ሐረጊቱ ሦስተኛ ጊዜ፣ «እናቴ…» ብላ ሳትጨርስ ይታይሽ፣ «አንዲት ብቻ ጨምሪ፣ ከዚያ እንዳሻሽ» አለቻት። ያን ቀን ከሐረጊቱ ሥር ሳትነሳ ዋለች። ምሳዋንም እዚያው ቆማ በላች።

በማግስቱ ስትቆጥር ሠላሳ አንድ ሆነ።

ደግማ ቆጠረች፤ ሠላሳ አንድ። አጥሩ ላይ ወጥታ ጎረቤቷን ደጊቱን ጠራች።

«ደጊቱ፣ ስምንት ኪያሬን የት አደረስሽ?»

«እኔ ያንቺን ኪያር ምን አደርገዋለሁ?»

«ትበያለሻ።»

«አንቺ ሴት፣ ቁጥር አቃወሰሽ» አለች ደጊቱ፣ ጎመኗን መኮትኮቷን ሳታቆም።

ሐረጊቱ ከኋላ ቀስ ብላ፣ «ደጊቱን ተያት፣ እናቴ። የጣልኳቸው እኔ ነኝ። የታችኞቹ ጎረምሶች የምጠጣውን ሁሉ ጨረሱት፤ ለላይኞቹ ሕፃናት የሚተርፍ አጣሁ» አለች። ይታይሽ ወደ መሬት ብታይ፣ እንደ ጥፍር ያነሱ ኪያሮች ቢጫ ሆነው፣ ጠውልገው ከሥሯ ወድቀዋል። አሁንም ግን የታችኞቹን ለመልቀም እጇ አልታዘዛት አለ፤ ብትለቅም ደግሞ የሚጎድል መሰላት። በነጋው ሃያ ሁለት ሆነ። በነጋው አሥራ አራት።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ሰዉ ንፍሮውን ይዞ መጣ። ባሻ ጓንጉልም ዱላውን ይዞ ከፊት መጣ። ሐረጊቱ አንገቷን ደፍታለች፣ ገመዱ ረግቧል፣ ከታች ሆዳቸው የተነፋ፣ ወገባቸው ቢጫ የሆነ ኪያሮች መሬት እየነኩ ተንጠልጥለዋል። ባሻ በዱላው ጫፍ እየነካ ቆጠረ።

«ዘጠኝ» አለ። አንዱን ቆርሶ ቀመሰና ተፋው። «ፍሬው ጠጠር፣ ሥጋው እሬት። ይህ ለሰው ነው ለጥጃ፣ ይታይሽ?»

ሳቅ ፈነዳ። ሰዉ ሄደ። ሳቁ ግን በቦዩ ዳር ዳር እየሄደ እስከ ሾላው ድረስ ተሰማት።

ጀንበር ሳትገባ ማጭዷን ይዛ ወጣች። «ከሥርሽ ነው የምቆርጥሽ» አለቻት ሐረጊቱን።

ጃርቱ ከአጥሩ ሥር እየተንጎማለለ መጣ። አሁን አንቱታውንም ትቶታል።

«ቁረጫት፣ ቁረጫት። እኔ አነሳልሻለሁ። ልጆቼንም ጠርቻለሁ። እንዲህ እስኪፋፉ ስንት ቀን ጠበቅኩ መሰለሽ።»

ማጭዷ አየር ላይ ቀረች። ይታይሽ ጃርቱን አየችው፤ ዘጠኙን ኪያር አየች፤ ጃርቱን መልሳ አየችው።

«ለክብሬ ነበር ያልከኝ።»

«ክብርሽን ወስደሽ ኪያሩን ለኔ ተይልኝ፤ መቼ ተጣላን?»

ይታይሽ ጎንበስ አለችና አንዱን ቢጫ ኪያር በጥሳ ወረወረችው። ጀርባው ላይ ተሰካ። ሁለተኛውን ወረወረች፣ ተሰካ። ሦስተኛውን ወረወረች፣ ተሰካ። ጃርቱ ሦስት ኪያር ተሸክሞ፣ አንዱንም በአፉ ሊደርስበት ሳይችል፣ እየዞረ እየተሽከረከረ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከ።

«የምክርህ ዋጋ ነው» አለችው።

ከዚያ የቀሩትን ስድስት ለቀመች። ሐረጊቱ ሽቅብ ተነፈሰች። ገመዱም፣ «ተመስገን፣ ልበጠስ ነበር» አለ። ይታይሽ የደፋችውን ቅል አንስታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች።

«ተቆጥተሃል?»

«ተጠምቼ ነው» አለ ቅሉ።

በቦዩ ውስጥ ከቀረው ለብ ያለ ውሃ በቅሉ ቀድታ ሐረጊቱን አጠጣቻት።

ከዚያን ቀን ወዲያ ሐረጊቱ ጠዋት ትለቀማለች፣ ከሰዓት ትጠጣለች። ስድስት ቀን ምንም አላፈራችም፤ ይታይሽም ስድስት ቀን ጥፍሯን በላች። በሰባተኛው ቀን ጣት የሚያክሉ አራት ኪያሮች ሰጠች። በስምንተኛው ሰባት። አንዱ ዘለላ ሲነሳ ሌላው ከላይ ይደርሳል። ይታይሽ የመጀመሪያዎቹን አራት ይዛ ደጊቱ ደጅ ሄደች። ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣት ስላለ፣ «እንቺ፤ ሌባ ያልኩሽ በጾም ምላሴ ነው፣ ይህን ብይበት» አለቻት። ደጊቱም በላች። ሌላውም ጎረቤት በላ። ሰኔ ሳይገባ መንደሩ ሁሉ ያችን ኪያር በልቶ ነበር።

ሰው ከሾላው ሥር ዳግመኛ ሲሰበሰብ፣ ይታይሽ እንደተቀመጠች፣ ደጊቱ ተነሳች።

«ባሻ፣ አርባ ከሰጠች ብለው ነበር።»

«በልደታ ዘጠኝ አየሁ።»

«ከልደታ ወዲህ እኔ ብቻዬን አሥራ አንድ በልቻለሁ። የቀረውን እነዚህን ሆዶች ይጠይቋቸው፤ ተንጠልጥሎ ያለው እዚያ ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ ያን ጊዜ በይታይሽ እንደሳቀው፣ አሁን በባሻ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩት። ባሻ ጓንጉል ዱላውን መሬት ላይ ቢወቅጥ፣ ጢሙን ቢያሻሽ መውጫ አጣ።

«ይሁን። ይታይሽ የጎሁን ተራዋን ትውሰድ። አማቼ የደጊቱን የረፋድ ተራ ይውሰድ። ደጊቱ ደግሞ ምላሷ ስለረዘመ የጅራቱን ውሃ ትውሰድ» ብሎ ተነስቶ ሄደ።

እንግዲህ ከዚህ ተረት የምትይዙት አለ፤ የምታፈራላችሁን ለሰው ዓይን ብላችሁ አታንጠልጥሏት፣ በየጠዋቱ አቅልሉላት። የጠላችሁት የሰጣችሁንም፣ እሱ ስለሰጣችሁ ብቻ አትድፉት። እዚህ ላይ ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን ይታይሽ በማግስቱ ጠዋት ያደረገችውን ሳልነግራችሁ ብቀር ትቀየሙኛላችሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የምንጩ ውሃ እንደ እናቷ ዘመን ሙሉ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ከጓሮዋ አፍ ደረሰ። ይታይሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ዶማዋን ይዛ ቆማ ነበር። እጇን ነከረችበት፤ እስከ አጥንቷ ቀዘቀዛት። በዚህ ውሃ ኩምትር ብላ የከረመችው ሐረጓ ትዝ አለቻት። ከዚያ ጭቃ በዶማ አንስታ የጓሮዋን አፍ ደፈነች፣ በእግሯ ረገጠችው፣ ያንን ውሃ ብርድ ወደማይፈራው ወደ ደጊቱ ጎመን መለሰችው። በአጥሩ ላይም፣ «ደጊቱ፣ ተነሺ፣ ውሃሽ መጥቷል፤ የጅራቱን ለኔ ተይልኝ» ብላ ተጣራችና፣ ዘንቢሏን አንስታ ለመልቀም ሄደች።