የ“ገባን” ተረኛ

አንድ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፤ ዘርጋው ይባላሉ። ቀን ትምህርት ቤት ሲጮኹ ይውሉና ወደ ማታ ቤታቸው ገብተው፣ ስልካቸውን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፈው፣ በየከተማው የተበተኑ ተማሪዎችን በኢንተርኔት ያስጠናሉ። ተማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አንዴ ወድቀው ለሁለተኛ ጊዜ የሚዘጋጁ ናቸው።

ዳታ እንዳይበላባቸው ካሜራቸውን አያበሩም። እነሱ መምህሩን ያያሉ፤ መምህሩ የሚያዩት ጥቁር መስኮትና ስም ብቻ ነው። ፊቱን ለማያዩት ሰው ማስተማር ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ነገር አስረድተው በጨረሱ ቁጥር “ገባችሁ?” ይላሉ። ወዲያው “ገባን መምህር” የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። እሳቸውም “ጎበዞች” ብለው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ሴል እንዲህ ታለፈ። ሥር ውሃ የሚስብበት መንገድም ታለፈ። ነርቭም እንደዚሁ።

ፈተናው ሲቃረብ መምህሩ ሴል ምን እንደሆነ በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ አዘዟቸው። የመጣው መልስ ግማሹ ከመጽሐፍ የተገለበጠ፣ ግማሹ ባዶ ነበር። ድካማቸው ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባቸው። ማስጠናቱን ሊተዉ ቆረጡና በማግስቱ ሊሰናበቷቸው ስልኩን ከፈቱ።

“ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ” አሉ። “ትሁኔ፣ ይህን ወር ሁልጊዜ ‘ገባን’ የምትዪው አንቺ ነሽ። እውነት ገብቶሽ ነበር?”

ልጅቷ ማይኩን ከፈተች። “አልገባኝም፣ መምህር።”

“ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?”

“አሳዘኑን። እርስዎ አያዩንም እንጂ እኛ እናይዎታለን። ሲያስረዱ ዓይንዎ ይከደናል። አንድ ቀን ሙሉሰው የሚባለው ልጅ ‘አልገባኝም’ ሲልዎት ከመጀመሪያው ጀመሩና ድምፅዎ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ‘እኚህን ሰውዬ አንግደላቸው’ ተባባልንና ተራ አወጣን። የ‘ገባን’ ተረኛ አለን። የዚህ ወር ተረኛ እኔ ነኝ።”

መምህሩ መሳቅም መቆጣትም አቃታቸው። ይበልጥ ያመማቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ “ገባን” ጥያቄው ሳያልቅ ከተፍ ሲል እሳቸውም ጠርጥረው ነበር። ደግመው መጠየቅ ስለታከታቸው አመኑት።

“እጅ እሳት ሲነካው ለምን ያማል?” ብለው ጠየቁ።

“ተቃጥሎ እንዳያልቅ ነው” ብለው ራሳቸው መለሱ። “ማመሙን ያቆመ እጅ እሳት ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እኛም እንደዚያ እጅ ሆነናል። ከእንግዲህ በየቀኑ ተረኛው ‘አልገባኝም’ የሚል ይሁን። የዛሬው ተረኛ ግን እኔ ነኝ። ልጆች፣ ደክሞኛል። በጣም ደክሞኛል። ዛሬ ልተኛ፤ ነገ እንገናኝ።”

ተኙ። በማግስቱ “ገባችሁ?” ከማለታቸው በፊት ትሁኔ “መምህር፣ ሴል የሚባለው አልገባኝም” አለች። የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱና ጀመሩ።

ፈተናው የደረሰው ነርቭ ላይ ሳይደርሱ ነው። አንዳንዱ አለፈ፣ አንዳንዱ ወደቀ። ትሁኔ ከወደቁት ነበረች። ውጤቱን ባየች ቀን ደወለችላቸው።

“አምና ስወድቅ ምኑ እንደጣለኝ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ አውቄዋለሁ። ከነርቭ እንጀምር፣ መምህር።”

“ነገ፣ ልጄ” አሉ። “ዛሬ ደክሞኛል።”

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታችንን የምንደብቀው ከኩራት ብቻ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የምንደብቀው ለሌላው አዝነን፣ በይሉኝታ ነው፤ የተደበቀውም እንደ ደግነት ስለሚታይ ማንም ፈልጎ አያወጣውም። “ደክሞኛል” የማይል አስተማሪና “አልገባኝም” የማይል ተማሪ ሲተዛዘኑ ዓመቱ ያልቅባቸዋል። ባልና ሚስትም፣ ወላጅና ልጅም እንደዚሁ።

በእርስዎ ቤትስ የ“ገባን” ተረኛ ማን ነው?