ከኩሬው ማዶ ያልተቆጠሩት

በድሮ ዘመን በሂንድ ምድር አንዲት ትንሽ መንደር ነበረች፤ ስሟን ባልጠራው ይሻላል። ሰዎቿ ማሽላ ዘርተው፣ ጎሽ አልበው የሚያድሩ፣ በጁምዓ መስጂዱን ጢም አድርገው የሚሞሉ ሙስሊሞች ነበሩ። ኢማማቸው ሸይኽ ነዚሙዲን ከአፋቸው ሐሰት ወጥቶ የማያውቅ ሽማግሌ ነበሩ።

መንደሪቱ ሕዝቧን የምትቆጥረው በፊጥራ ነበር። ረመዷን ሲያበቃ እያንዳንዱ ቤት በነፍስ ወከፍ አንድ ስፍር እህል ለመስጂድ ያመጣል፤ ሸይኹም ከስፍሩ የነፍሱን ቁጥር ያውቃሉ። እህሉን ከኩሬው ማዶ ለሰፈሩት ድሆች በእጃቸው ያድላሉ። እነዚያ ቆዳ ፋቂዎች ናቸው። እነሱም ሙስሊሞች ናቸው፤ ግን ተቀባዮች እንጂ ሰጪዎች ስላልሆኑ በስፍሩ ውስጥ የሉም። ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ሰው ከጉድጓድ ውሃ የሚያወጣበትን የቆዳ ባልዲ የሚሰፉት እነሱ ሲሆኑ፣ ከጉድጓዱ መቅዳት ግን አይፈቀድላቸውም። የሚጠጡት ጎሾች ከሚንቦራጨቁበት ኩሬ ነበር።

አንድ ዓመት ጉድጓዱ ነጠፈ። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዱ ጀመር፤ ነፍሰ ጡሯ የሸይኹ ምራት ሰኪናም አብራ ትሄድ ነበር። በዚህ መካከል የአገሩ ገዥ፣ አምስት መቶ ነፍስ ላላት መንደር ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ ብሎ አዋጅ አስነገረ። የሸይኹ ስፍር ግን አራት መቶ ሰማንያ አንድ ነበር።

የመንደሩ ሹም ሸምሸር ወደ ሸይኹ መጣ።

«ሸይኽ፣ ሊቆጥረን የሚመጣው የገዥው ጸሐፊ የሚያምነው የእርስዎን መሐላ ነው። አምና በወረርሽኙ የቀበርናቸውን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አሉ ብለው ይማሉልን።»

«እኔ ያጠብኳቸውን ጀናዛዎች?»

«ማንን ይጎዳል? እነሱ እንደሆነ ውሃ አይጠጡብንም።»

ሸይኹ ተነሥተው ወጡ። ሲተክዙ እግራቸው ከኩሬው ማዶ አደረሳቸው። እዚያ ረምዛኒ የሚባል ፋቂ ለሚጠበቀው ጉድጓድ አዲስ ባልዲ ይሰፋል። ሸይኹ ቆመው አዩትና ጠየቁት።

«ልጄ፣ እናንተ ስንት ናችሁ?»

ረምዛኒ መርፌውን አቆመ። «የጠየቀን ሰው ስለሌለ ቆጥረን አናውቅም፣ ሸይኽ።» ከዚያ በጣቱ ጎጆዎቹን እያመለከተ ቆጠረ። «አርባ ሦስት ነን።»

ሸይኹ አፈሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እህል ሲያድሏቸው ስንት እንደሆኑ አልጠየቁም ነበር።

በጁምዓ ከሶላት በኋላ ለሕዝቡ ነገሩት። «መዋሸት አያሻንም። አምስት መቶ ሃያ አራት ነን።» ደስ የሚለው ሰው ይኖራል ብለው ነበር። ሹሙ ግን ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ከተቆጠሩማ ሊቀዱ ይመጣሉ» አለ ሸምሸር። «የእነሱ እጅ የነካውን ገመድ ልንይዝ ነው?»

«ገመዱ የታሰረበትን ባልዲ ማን ሰፋው?» አሉ ሸይኹ።

ጸሐፊው በመጣ ቀን ሸይኹ እውነቱን መሰከሩ። የመንደሩ ወንዶች ግን አንድ ሆነው፣ ሸይኹ አርጅተዋል፣ ከኩሬው ማዶ የከብት ማደሪያ እንጂ ሰው የለም አሉ። ሸይኹ ጸሐፊውን «ና፣ እኔ ላሳይህ» አሉት። ጸሐፊው ገና ከኩሬው ዳር ሲደርስ የቆዳው ሽታ መታውና አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ። አራት መቶ ሰማንያ አንድ ብሎ ጽፎ ሄደ፤ ጉድጓዱም ለሌላ መንደር ተቆፈረ።

በጋው ሲጠና ሩቁም ውሃ ደረቀ። ከፋቂዎች ጋር ጉድጓድ አንጋራም ያለው ሕዝብ ኩሬውን ተጋራ። በሽታ ገባ። ሸይኹ በዚያ ወር ሃያ ስድስት ጀናዛ ሰገዱ። ሰኪና ከነፅንሷ ሞተች። የሸምሸርም ልጅ ሞተች። ረምዛኒ ከወገኖቹ የተረፉትን ይዞ ወደማይታወቅ አገር ተሰደደ፤ አዲሱን ባልዲ በደረቁ ጉድጓድ አፍ ላይ ሰቅሎት ነበር የሄደው።

ሸምሸር ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ሸይኹን መንገድ ላይ ያዛቸው።

«አንዲት መሐላ ነበረች የከለከሉን። ቢምሉልን ልጄ በሕይወት ትኖር ነበር።»

ሸይኹም የምራታቸው መቃብር አፈር ከእጃቸው ሳይራገፍ፣ «ሸምሸር ሆይ፣ የሞቱትን አሉ ለማለት ደፈርን፤ ያሉትን አሉ ማለት ግን አቃተን» አሉት።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስሰማ ከሸምሸር ይልቅ የከበደኝ የሸይኹ ሠላሳ ዓመት ነው። እሳቸው እንኳ፣ ያ ሁሉ ተቅዋና ፈሪሃ አላህ እያላቸው፣ የሚሰጡትን እህል እንጂ የሚቀበላቸውን ሰው አልቆጠሩም። እኔም ፊጥራዬን በየዓመቱ ለአንዲት ሴት እሰጣለሁ፤ ትመርቀኛለች፣ አሚን ብዬ በሬን እዘጋለሁ። ስሟን አላውቀውም። በቂያማ ቀን ጎረቤትህ ማን ነበር ተብዬ ብጠየቅ፣ እንደዚያ መንደር ሰዎች፣ ማንም አልነበረም ልል ነው።