ትልቅ ቸርኬ፣ ቀጭን ጎማ

«ትንሽ መኪና ያለችው አንድ ሰው ነበረ» አሉ እማማ አስካለ።

እሱባለውን ተቀመጥ እንኳ አላሉትም። ሲገባ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ አሁንም ዓይናቸውን ከሰፌዱ አላነሱም። ያስቆጣቸው ጥያቄው ነው። ሚስቱ ልጇን ታቅፋ እናቷ ቤት ከገባች ሰንብታለች። የሰፈሩን ባልና ሚስት የሚያስታርቁት እማማ አስካለ ስለሆኑ እሱም ወደሳቸው መጣ። መጥቶ ግን መጀመሪያ የጠየቀው እንዲህ ብሎ ነው፦ «እማማ፣ እኔ አልመታኋት፣ አላስራብኋት። ውጭ አለቃው ሲሰድበኝ፣ ደንበኛው ሲያመናጭቀኝ ውዬ ነው የምገባው። ሰው በገዛ ቤቱ ድምፁን ጠንከር ቢያደርግ ምን ነውር አለው?»

«ቆመህ ስማኝ» አሉት። «ትንሽ መኪና ያለችው ሰው ነበረ አልኩህ።»

የመኪናዋ ቸርኬ፣ ያ ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ እንደሷው ትንሽ ነበር። ጎማው ግን ወፍራም ነው፤ ሆዱ ነፋ ያለ። ሲያዩት አያምርም። ኮብልስቶኑ ላይ ሲወጣ ግን ድንጋዩን እየዋጠ ይሄዳል፤ ከውስጥ የተቀመጠ ሰው ወዝወዝ ከማለት በቀር ምንም አይሰማውም። ሚስቱ እርጉዝ ሆና ለክትትል የተመላለሰችው በዚያች መኪና ነው። በኦፕራሲዮን ወልዳ ከሆስፒታል የወጣችውም በዚያችው ነው። ስፌቷ ገና ሳይሽር፣ ከኋላ ተቀምጣ፣ ልጁን እንዳቀፈች እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እንቅልፍ! አራስ ሴት መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወንድ አያውቀውም።

ያን ምቾት የበላው የሰው አፍ ነው። ጓደኞቹ መኪናዋን ባዩ ቁጥር ይስቁበታል። «ይቺ መኪናህ የማንን ጫማ ነው ያደረገችው? የልጅህን ነው?» ይለዋል አንዱ። «ተዋት፣ እግሯ ገና ያድጋል» ይላል ሌላው። ሰውየው አብሯቸው ይስቅና ቤቱ ሲገባ ፊቱ ይጠቁራል። ሚስቱ ምን ሆንክ ብትለው፣ ምንም፣ ይላታል።

የልጁ ክርስትና ደረሰ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ አይደል የሚነሳው? ዘመድ ሊመጣ ነው፣ ድንኳን ሊጣል ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ድንኳኑ ድረስ ሰው ሊያየው ነው። ሰውየው ልጁን ሳይሆን መኪናዋን ሊያለብስ ተነሳ። ጎማ ቤት ሄደ። ሻጩ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ቸርኬ አወጣለት።

«ይገባል?» አለው።

«ይገባል። ግን ከላይ ያለው ፓራፋንጎ፣ የጭቃ መከላከያው፣ አይሰፋልህም፣ ቦታው ያው ነው። ብረቱ ሲጨምር ጎማው መቀነስ አለበት። ቀጭኑን ጎማ ነው የምንገጥምልህ። ንፋሱንም ጠጠር አድርገህ ያዝ፤ ካላላኸው ጉድጓድ ሲያገኝ ቸርኬው ይጣመምብሃል።»

ሁሉም ነገር በግልጽ ተነገረው፤ አልተታለለም። ከኋላ ስለሚቀመጠው ሰው ግን አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከሩቅ ያበራል?»

«ዓይን ይወጋል» አለው ሻጩ።

ተገጠመለት። ወፍራሞቹን አሮጌ ጎማዎች ከነትንሹ ቸርኬያቸው እቤቱ ጓሮ ወረወራቸው። አንዷ ጎማ ላይ ዶሮ ወጥታ ተኛች።

የክርስትናው ዕለት ጠዋት ሚስቲቱ ነጭ ለብሳ፣ ልጁን በነጭ ጠቅልላ ከኋላ ገባች። አማቷ ከፊት፣ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ገና ከሰፈሩ ሳይወጡ ነገሩ ገባት። ድንጋዩ አንድ በአንድ ተሰማት፤ በባዶ እግሯ የምትሄድ እስኪመስላት ድረስ። ስፌቷ ይጎተታል። አንድ እጇን ከልጁ አንገት ሥር፣ አንዱን ከጀርባው አድርጋ በክርኗ በሩን ተደገፈች። አንገቱ ገና አልጠናም። ሌሊት ሲያንቀላፋ እንኳ እየነቃች እስትንፋሱን የምታዳምጥለት ልጅ ነው።

«ቀስ በል» አለች።

«ቀስ ብዬ እኮ ነው።»

«ቀስ በል አንተ! አንገቱን!»

«መንገዱ ነው! ድንጋዩን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

አማቷ ዘወር አሉ። «የዛሬ ልጆች ከጥጥ ነው እንዴ የተሠራችሁት? እኔ እሱን ወልጄ በጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ መሀል...» ብለው ሳይጨርሱ መኪናዋ ዘለለች። «ወይኔ ወገቤን!» አሉና ወደፊት ዞሩ።

ሚስቲቱ አንድ ነገር አስተዋለች። ባሏ አይናጥም። ለምን? ጉድጓዱን ቀድሞ ያየዋል። መሪውን ጨብጧል፣ እግሩን ተክሏል፤ ምቱ ሲመጣ ሰውነቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እሷ ፊት ለፊቷ ያለው የሱ ወንበር ጀርባ ነው። ምቱ መቼ እንደሚመጣ አታውቅም። አንዱ ሳይበርድላት ሌላው ይመጣል።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መታጠፊያ የቦይ ክዳን ተነስቶ ነበር። የፊተኛው ጎማ ገባበት። ጓ! አለ፤ ብረት ከድንጋይ። የልጁ ጭንቅላት ከእጇ አምልጦ ከደረቷ አጥንት ጋር ተጋጨ። ልጁ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። የዚያን ዝምታ ርዝመት እናት ናት የምታውቀው። ከዚያ ጮኸ።

ሰውየው መኪናዋን ቀጥ አድርጎ አቆመና በሩን ከፍቶ ዘለለ። ልቧ መለስ አለላት፤ ወደ ልጁ የመጣ መሰላት። አልመጣም። ጎማው ሥር በርከክ አለ። ቸርኬውን ዙሪያውን በጣቱ ዳበሰው። ምራቁን እንትፍ ብሎ የተጫረውን ጠረገ።

«ተመስገን፣ አልተጣመመም» አለ።

ወረደች። ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ወረደችና በላዩ ቆመች።

«የልጅህን አንገትስ ዳብሰኸዋል?»

ቀና አለ። አሁን ገና ትዝ አለው። «ምን ሆነ? አለቀሰ እንጂ ደህና ነው። ግቢ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ሰው እንዲያይህ አይደል የገዛኸው? ይይህ!»

«ግቢ አልኩሽ!»

«አልገባም። ልጄም አይገባም። አንተ ቸርኬህን ይዘህ ሂድ፣ እሱን ክርስትና አስነሳው!»

ትታው አቀበቱን ወጣች። ስፌቷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በቁጣ እንባዋ እየወረደ፣ ለዘመድ ሁሉ እየታየች ወጣች። ጥቂት ቆይቶ የመኪናው በር ሲከፈት ሰማች። አማቷ ናቸው። ከኋላዋ ተከተሏት።

ልጁ ተጠመቀ። ቅዳሴው አለቀ። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ባለው ኬክ ቤት ሰውየው ትልቅ ኬክ አዝዞ ነበር፤ የልጁ ስም በክሬም ተጽፎበታል። ኬኩን በካርቶን አድርገው አመጡለት። ወደ መኪናው ሊሄድ ሲል ሚስቱ መንገዱ ላይ ቆመችበት። የልጁ ክርስትና አባት፣ ጎረቤታቸው የሆኑ ትልቅ ሰው፣ አጠገቧ ነበሩ።

«ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ አለዎት አይደል? እባክዎን እርስዎ ይንዱ።» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ኬኩን ይዘህ ከኋላ ግባ። እኔ የተቀመጥኩበት።»

ሳቀ። «ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«ልጁን አልሰጥህም። ይሄን ታቀፈው። እንደ ልጅህ ይከብዳል፣ እንደ ልጅህ ያዘው። ጎማህ ደህና ከሆነ ምን አስፈራህ?»

ዘመድ ቆሟል። እምቢ ማለት አፈረ። ገባ። እሷ ልጇን ይዛ ከሴቶቹ ጋር በእግሯ ሄደች።

መኪናዋ ውስጥ የሆነውን ኋላ የነገሯት ጋሼው ናቸው። መጀመሪያ ላይ እየቀለደ ነበር አሉ።  ትንሽ ሲሄዱ ካርቶኑን ከታች ልያዝ ከላይ ልያዝ ጠፋው። በሩን እንዳይደገፍ ሁለቱም እጁ ተይዟል። ወደፊት እንዳያይ ወንበሩ ከልሎታል። «ቀስ ይበሉ እንጂ ጋሼ!» ብሎ ጮኸባቸው።

«ቀስ ብዬ እኮ ነው ልጄ፣ መንገዱ ነው!» አሉት ጋሼው። ጠዋት ማን ምን እንዳለ አያውቁም። ከፊት የተቀመጠ ሰው የሚለውን አሉ።

ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ሴቶች በእልልታ ተቀበሉት። ያ እንዲያየው የተመኘው ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ቸርኬው በፀሐይ ያበራል። ሰውየው ከኋላ ወረደ፤ ሱፉ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ክሬም ነው። የካርቶኑ ክዳን ተከፍቷል። ኬኩ ከመሀሉ ተገምሷል፤ የልጁ ስም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ አንድ ጥግ፣ ግማሹ ሌላ ጥግ ተለጥፏል። እልልታው በየአፉ ቀረ።

ሚስቱ ስትደርስ እዚያው ቆሞ አገኘችው። ካርቶኑን አላስቀመጠም። ስሙን እያየ ነው። ልጁን ስታቀርብለት ካርቶኑን ለሰው ሰጠ፤ ጣቱን በሱፉ ጠረገና የልጁን አንገት ከኋላ በኩል፣ ጠዋት ቸርኬውን እንዳደረገው፣ ቀስ ብሎ ዳበሰው። 

ከዚያ ወደ ጓሮ ሄደ። ዶሮዋን አስነሳ። ወፍራሞቹን ጎማዎች እያንከባለለ አመጣና ክሪኩን ከመኪናዋ ሥር ከተተ። እዚያው ድንኳኑ በር ላይ፣ በሱፉ፣ የሚስቁት ጓደኞቹ ቆመው እያዩት፣ አንድ በአንድ ፈትቶ ቀየራቸው። «ኧረ ነገ ይደርሳል!» አለው አንዱ። እሱ ቀጣዩን ብሎን ፈታ።

ሚስቱ አመሰገነችው? አላመሰገነችውም! ለምን ብላ? ራሱ የወሰደባትን ነው የመለሰላት።

እማማ አስካለ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱባለውን ቀና ብለው አዩት።

«አሁን ለጥያቄህ። አልመታኋትም አልከኝ። ያ ሰውዬም አልመታትም፤ መኪና ነው የነዳው። መንገዱ ድንጋይ ነው አልክ። ነው፤ መች አይደለም አልኩህ? አለቃህ ድንጋይ ነው፣ ደንበኛህ ድንጋይ ነው። አንተ ግን ምንድነህ? በድንጋዩና በነሱ መሀል ያለኸው አንተ ነህ። ውጭ የመታህን ሳታጎድል አምጥተህ ለሚስትህ የምታቀብላት ከሆነ፣ አንተ ያለህበት ቤት አንተ ከሌለህበት ቤት በምን ይሻላታል?»

እሱባለው አፉን ሊከፍት ሲል እጃቸውን አነሱበት።

«ስታገባ አውቅሃለሁ። እንዲህ አልነበርክም። ጓደኞችህ ሚስቱን ይፈራል ብለው ሳቁብህ፣ አንተም ጠንካራ ልምሰል አልክ። ሰው ግን የሚይዘው ያው ነው፣ አይሰፋም። ብረቱን በጨመርክ ቁጥር ልስላሴው ነው የሚቀንሰው። ለመንገደኛ አበራህ፤ ከኋላህ የተቀመጡት አጥንታቸው ተቆጠረ። አንተ ስትጮህ ጩኸቱ መቼ እንደሚመጣ ታውቃለህ፤ መሪው ያለው በእጅህ ነው። እሷ አታውቅም። ልጁ አያውቅም። በሩ ሲንኳኳ የሚደነግጡት ለዚህ ነው። ነውሩ ምንድነው ብለህ ጠየቅከኝ። ነውሩ ይኸው!»

 እሱባለው ወደ በሩ ዞረ።

«ታዲያ ሄጄ ላምጣት?» አለ፣ ድምፁ አንሶ።

«አታመጣትም! ገና ከአሁኑ ልትነዳት ነው? ሂድና እናቷ ቤት በሩ ጥግ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጥ። የሆዷን ተናግራ እስክትጨርስ ዝም ብለህ ተናጥ። መቼ እንደሚያልቅ አትጠይቃት፤ እሷም ጠይቃህ አታውቅም። ከመጣች በራሷ እግር ትምጣ፤ ካልመጣችም ድንጋዩን አትውቀስ።»

በሩን ሊወጣ ሲል ጠሩት።

«እሱባለው! ስትገባ ስለ ራስህ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ መጀመሪያ የልጅህን አንገት ዳብስ።»