በሻማ የተገዛ ቀሚስ

አንዲት ሴት ነበረች። አማቷ ሞቱና የለቅሶ ቀሚስ ልትገዛ አመሻሽ ላይ ገበያ ሮጠች። መብራት ጠፍቷል። ነጋዴው በሻማ አንዱን አወጣላትና፣ "ጥቁር ይመስለኛል፤ ጠዋት በብርሃን ብታዪው ይሻላል" አላት።

"ምን ያጨቃጭቀናል? ጥቁር ነው!" አለችና ይዛ ሄደች።

ከአማቷ ጋር ደግሞ ተኳርፈው ነው የኖሩት። በምን? አማቷ ባገኟት ቁጥር፣ "ልጄ፣ ደማቅ ነገር ልበሺ" ይሏታል። እስቲ ደማቅ ምን ክፋት አለው? መብራቱ ደማቅ ነው እንላለን። ሠርጉ ደማቅ ነበር እንላለን። እሷ ግን፣ "ፊትሽ ጨለማ ነው ማለታቸው ነው!" ብላ ቀረች። ለፋሲካ እንኳ እግሯን አታነሳም። አገር ሁሉ ያውቃል።

ሳይነጋ ለብሳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ፀሐይ ስትወጣ ጉድ ፈላ! ቀሚሱ ቀይ ሆኖ ቁጭ! አጠገቧ ያሉት አዛውንት፣ "ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?" አይሏት መሰላችሁ?

ለቅሶ ቤት ስትገባ አልቃሹ ሁሉ ዞሮ ቀሚሷ ላይ አፈጠጠ። ነጠላዋን ብትጎትት፣ ብትጎትት፣ ከየት ይድረስ! "በሞታቸው ደስ ብሏት ነው" ሊሉ ነው። ባሏን በምን ዓይኗ ትየው?

የባሏ እህት የውብዳር ብድግ ብላ መጣች። ልትመታኝ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የውብዳር ግን እቅፍ አደረገቻት።

"አንቺ ሴት፣ ምነው ዛሬ? እማዬ እኮ እንዲህ ለብሰሽ ልታይሽ ስትለምንሽ ኖረች። 'እኔ ባሌ በልጅነቴ ሞቶብኝ በጥቁር አረጀሁ፤ እሷ እንኳ ትድመቅልኝ' ትል ነበር።"

ይሄኔ ሴትየዋ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ማንም አላስለቀሳትም።

ወገኖቼ፣ ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን እናንተስ በሻማ የገዛችሁት ቂም የለም? "እንዲህ ማለቷ ነው፣ እንዲያ ማለቱ ነው" ብላችሁ የዘጋችሁት ሰው የለም? አንድ ቀን እንኳ፣ "ምን ማለትህ ነው?" ብላችሁ ጠየቃችሁት?

ሴትየዋ ቀሚሱን አልመለሰችውም። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ለብሳው ወደ አማቷ ቤት ትሄዳለች። "ደመቅሽልኝ" የሚሏት አማት ግን የሉም።

የእናንተ ሰው ግን አለ። ከዚህ ስትወጡ ገና ፀሐይ ነው። ሂዱና ጠይቁት።