ምሰሶ የሌላቸው የአውራት ቤቶች

በጉዛ ወንዝ ዳር ባለችው በአውራት መንደር ቤቶቹ ምሰሶ የላቸውም። ከጀርባቸው የጥድና የወይራ ጫካ ሞልቶ ሳለ፣ አውራቶች ግድግዳውን በድንጋይ አወፍረው፣ ቤቱን አጥብበው፣ ጣሪያውን ከወንዝ ዳር በቆረጡት ሸንበቆ ይከድኑታል። እንግዳ ሲገባ ቀና ብሎ ባዶውን መሐል ያይና ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው ይላሉ ሽማግሎቹ።

ድሮ ከጉዛ ወዲህና ወዲያ ሁለት አገር፣ ሁለት ንጉሥ ነበር። አውራት ሰንቀል በሚባለው አገር ነበረች፤ ማዶው አገር ዋሪት ይባላል። ሁለቱ አገሮች ከብት ሲዘራረፉ፣ ደም ሲቃቡ ኖሩ። ታዲያ አንድ ዓመት፣ ሰኔ ሊገባ ሲል ምድር ተንቀጠቀጠችና የዋሪት ተራራ ከነጫካው ተንዶ መንደሩን ዋጠው፤ የተረፈውም ሰው ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ቀረ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ጎጆ መቀለሻው እንጨት ግን ከናዳው ሥር ነው።

የአውራት ገዥ ባላምባራስ ይርሳው ይህን ሲሰማ ደስ አለውና አዋጅ አስነገረ፤ «ከጫካዬ አንዲት እንጨት ቆርጦ ለጠላት ያሻገረ እጁ ይቆረጣል!»

በመንደሩ ቢሰውር የሚባል ንግግር የማያበዛ ሽማግሌ ነበር። ወንድሙን የገደሉት ዋሪቶች ናቸው። ሦስት ቀን ወንዙ ዳር ተቀምጦ የማዶ ሕፃናት አንድ ቁርበት ሥር ተጠጋግተው ሲንቀጠቀጡ አየ። እጁን ቢያጣ ማን ያርስለታል? ዝም ቢል ደግሞ እነዚያ ልጆች ክረምቱን አይወጡትም። በአራተኛው ቀን ቤቱ ገብቶ የምሰሶውን ሥር በዶማ ይቆፍር ጀመር።

ሚስቱ እናኑ ጮኸች፤ በዚያ አገር ምሰሶ የሚነቀለው የቤቱ ጌታ ሲሞት ነበርና።

«ምነው አንተ ሰው! በቁምህ ልትሞት ነው?»

«ይኸ እንጨት የማን ነው?»

«ያንተ ነዋ! አባትህ ያቆመው።»

«ከጫካ ነው ከቤት?»

እናኑ ገባት። «ወንድምህንስ ረሳኸው?» አለች ዝቅ ብላ።

«እሱን የገደለው ሕፃን አይደለም።»

«እንግዲያው እህሉን ላውጣ፤ ጣሪያው ሳይወድቅበት።»

ሽማግሌው ጥላሸት የጠጣውን ምሰሶ ተሸክሞ ሲወጣ ጎረቤት «አበደ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ አንዱ ዶማውን አነሳ፣ ሌላው ተከተለ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ በአውራት የቆመ ቤት አልነበረም ይባላል።

መልካው ላይ ባላምባራስ ከጭፍሮቹ ጋር ጠበቃቸው።

«አዋጄን ጣስህ፣ አንተ ሽማግሌ!»

ቢሰውር ምሰሶውን ከትከሻው ሳያወርድ ቀኝ እጁን ዘረጋለት። «ጫካህን አስቆጥር። አንድ ዛፍ ከጎደለ እጄ ይኸው።»

ባላምባራስ የጠቆረውን እንጨት አየና አፌዘ፤ «ክረምቱንስ የት ልትገቡ ነው?»

«ቤት የቆመበት» አለና ወንዙን ገባበት። ሰዉም ተከተለው። ጭፍሮቹ መንገድ ለቀቁ፤ እናቶቻቸው ተሸክመውት የሚያልፉት የየራሳቸውን ቤት ምሰሶ ነበርና።

ማዶ አንዲት አሮጊት፣ «በጦር ትመጣላችሁ ስንል በምሰሶ መጣችሁብን?» ብላ እያለቀሰች ሳቀች ይባላል። ያን ክረምት ሁለቱ አገር በአንድ ጣሪያ ሥር ከረመ።

መስከረም ሲጠባ፣ ገባር ያጣው ባላምባራስ መልእክተኛ ላከ፤ «ኑ፤ ከጫካዬ የወደዳችሁትን ቁረጡና ቤታችሁን አቁሙ።» አውራቶች ወደ መሬታቸው ተመለሱ፤ ከጫካው ግን ጭራሮ አልነኩም። «ለእነሱ የተከለከለ እንጨት ለእኛም ይቅርብን» አለ ቢሰውር፣ ድንጋይ እየፈነቀለ።

ነገሥታቱም ባላምባራሱም አለፉ። ዛሬም የአውራትን ሰው «ምሰሶህ የታል?» ብለው ቢጠይቁት እጁን ወደ ማዶ ይዘረጋል።