የጎጆው በር ባለቤት

ተረት ላውራችሁ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።

አንዲት ሸማኔ ወፍ እባብ እንዳይገባባት በሩ ወደ ታች የሆነ ጎጆ ሠራች። ቤቷን እንዲመርቁላትም ጎረቤቶቿን ጠራች። ከተጋባዦቹ አንዷ ድንቢጥ የበሩን አሠራር አጥንታ በነጋታው በስሟ ልታስመዘግብ፣ አዲስ ፈጠራ ወደሚመዘግበው ኤሊ በረረች።

«ከአንቺ በፊት የሠራው አለ?» አላት ኤሊ።

«ማንም የለም፣ አያ ኤሊ። የራሴ ነው።»

«እንግዲያው ንድፉን ዋርካው ላይ እሰቅለዋለሁ። ጨረቃዋ እስክትጎድል የሚቃወም ካልመጣ ያላንቺ ፈቃድ ማንም አይሠራውም።»

ከዚያ ወዲያ ድንቢጥ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሸማኔዋ የመጣች እየመሰላት ትደበቅ ጀመር። ሸማኔዋ ግን እንቁላል ታቅፋ ስለነበር ወሬውን አልሰማችም። ጨረቃዋ ጎደለች፤ በሩም የድንቢጥ ሆነ።

ብዙ ሳይቆይ ነፋስ ጎጆዋን የጣለባት ሸማኔ እያለከለከች መጣች።

«እትዬ ድንቢጥ፣ በሩ ያንቺ መሆኑን ገና አሁን ነገሩኝ። ሳላስፈቅድሽ ሠርቼው ነበርና ይቅር በዪኝ። ጫጩቶቼ ሜዳ ላይ ናቸው፤ እባቡም እዚያው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ልሥራው?»

«ሥሪ» አለቻት ድንቢጥ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ሸማኔዋም «ክፉ አይንካሽ» ብላ መርቃት ወደ ጫጩቶቿ በረረች።

ተረቴ ይኸው ነው። ያጠፋሁት ካለ ይቅር በሉኝ።