አያ ቢተው በወይን ዋሻ ሐኪም ቤት

የወይን ዋሻ ሽማግሌዎች የአያ ቢተውን ነገር ሲያነሡ ፊታቸው ቀድሞ ይስቃል፤ ወሬው ከኋላ ቀስ ብሎ ይደርሳል። እኛ የሰማነው ከእነሱ ነው፤ እነሱም ከአባቶቻቸው። በመሃል የተጨመረበት ካለ፣ ጨማሪው ከእኛ በፊት ያለፈ ሰው ነው።

አያ ቢተው ነገረ ፈጅ ነበር። የሰው ክርክር ተሸክሞ ከችሎት ችሎት ሲንከራተት የኖረ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአፉ በቀር የረባ ንብረት ያላፈራ ሰው። ወይን ዋሻ ላይ መጀመሪያ ሐኪም ቤት የተከፈተው በእሱ ዘመን ነው። ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ተሠራና ከአዲስ አበባ ሰዎች መጡ። አንደኛው በር ላይ ዋናው ሐኪም ተቀመጡ፤ በሁለተኛው ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋውና ጥርስ የሚነቅለው ድሬሰር፤ በሦስተኛው አዋላጇ። ሥራው እንዲህ ተከፋፍሎ ሳለ ሕዝቡ ግን ክፍፍሉን አልወደደውም። ራሱን ያመመውም፣ እንቅፋት የመታውም፣ ዓይኑ ያበጠበትም፣ ሁሉም ትልቁን ሐኪም ካላየሁ ብሎ ድርቅ ይላል። በድሬሰር መታከም ከሰው በታች መሆን መሰላቸው።

የበሩ ዘበኛ ጓንጉል የሚባል የቀድሞ ወታደር ነበር። እሱም ነገሩን በራሱ ሥርዓት ፈታው፤ የመጣውን ሁሉ ማዕረጉን እየጠየቀ ባለማዕረጉን ያስገባል፣ ሌላውን አጥር ሥር ያስቀምጣል። አያ ቢተው አንድ ቀን ጉንጩ እንደ ቅል አብጦ፣ አገጩን በነጠላ ጠፍሮ መጣ። ጓንጉል ከላይ እስከ ታች አየውና ባሻ ነህ ወይስ ግራዝማች፣ ምንህን ብዬ ላስገባህ ሲል ጠየቀው።

አያ ቢተው ነጠላውን ትንሽ ላላ አደረገና፣ «እኔስ ማዕረግ የለኝም፤ ጥርሴ ግን ከሰኞ ጀምሮ በራሴ ላይ ተሹሟል። እሱን አስገባው፤ እኔ ከኋላው እከተላለሁ» አለው።

ጓንጉል ሳቁን መያዝ አቅቶት በሩን ለቀቀ። አያ ቢተው ወደ ትልቁ ሐኪም በር ዞር እንኳ ሳይል በቀጥታ ወደ ድሬሰሩ ገባ፤ ጥርሱም ብዙ ሳያስቸግር ወጣ።

ደሙ እስኪቆም ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሳለ ፊታውራሪ አምባው በበቅሎ፣ አሽከሮቻቸውን አስከትለው ደረሱ። የወይን ዋሻ ግማሽ መሬት የእሳቸው ነው፤ ሌላው ግማሽም የእሳቸው እንዳይሆን በፍርድ ቤት የሚከራከረው ብዙ ጊዜ አያ ቢተው ነው። ፊታውራሪ አትክልታቸውን ሲጎበኙ ተረከዛቸውን እሾህ ወግቷቸው ያነክሳሉ። አሽከሮቹ ወረፋውን ገፈታትረው መንገድ ከፈቱላቸው። ሐኪሙ ትንፋሽ ያጠራት አንዲት ሴት ላይ ጎንበስ እንዳሉ ቀና ብለው ተረከዙን አዩና፣ በትሕትና፣ ይህንን ድሬሰሩ ወዲያው ያወጣልዎታል፣ እኔ እሷን ጥዬ መነሣት አልችልም አሏቸው።

ፊታውራሪ ፊታቸው ጠቆረ። እኔን አምባውን ነው ለድሬሰር አሳልፈህ የምትሰጠኝ ብለው ሴትየዋን ከአልጋው እንዲያወርዷት አሽከሮቹን አዘዙ። አሽከሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ ቢተው ይህን ጊዜ የአፉን ደም ተፍቶ ብድግ አለ።

«ጌታዬ፣ እርስዎስ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ማን ይክዳል። እሾሁ ግን ተራ ባላገር ነው፤ ለእሱ ድሬሰሩ ይበቃዋል።»

አሽከሮቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ፊታውራሪ ነገሩ ውዳሴ ይሁን ስድብ ለይተው ሳይጨርሱ ድሬሰሩ ተንበርክኮ እሾሁን በወረንጦ አውጥቶት ነበር። ሴትየዋም ከአልጋዋ ሳትነቃነቅ ቀረች።

በዚያው ዓመት ክረምት አያ ቢተውን ንዳድ ያዘውና አልጋ ላይ ጣለው። ጎረቤቱ አቶ ከልካይ ሊጠይቀው መጣ። አቶ ከልካይ ንፉግ ነው፤ የተበጠሰ የጫማ ክር እንኳ አይጥልም። ያን ቀን ግን ባዶ እጁን አልመጣም፤ ከኪሱ አንድ ብልቃጥ አወጣ። በጭቃ ሐኪም ቤት ድረስ ምን አንገላታህ፣ ይኸው አማቴ ይወስዱት የነበረ ኪኒን ተርፎ ቤት ተቀምጧል፣ እሱን ዋጠው አለው።

አያ ቢተው እየተንቀጠቀጠ ብልቃጡን ተቀበለና ለምን በሽታ የታዘዘ እንደሆነ ጠየቀ። ከልካይ እሱን እንደማያውቅ፣ ነገር ግን ነጭና ጥሩ ኪኒን እንደሆነ ነገረው። አያ ቢተው ቀጥሎ የአማቲቱን ደኅንነት ጠየቀ። ከልካይ አንገቱን ደፋ፤ እሳቸውስ ነፍሳቸውን ይማር፣ ሳይጨርሱት ዐረፉ አለ።

አያ ቢተው ብልቃጡን መልሶ እጁ ላይ አኖረለት። «እንግዲያ ለራስህ አስቀምጠው ወንድሜ፤ እኔ ባዕድ ነኝ፣ ቤተ ዘመድ መሃል አልገባም።»

ከዚያ በኋላ ጎረምሶች በቃሬዛ አድርገው ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ትልቁ ሐኪም የንዳዱን መድኃኒት ሰጡት፣ ዳነም።

እንደዳነ የአንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት የመሬት ክርክር ያዘ። ዳኛው ባላምባራስ እርገጤ ነበሩ። ባላምባራስ ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋታቸው ችሎት ላይ መተኛታቸው ነው። አያ ቢተው ጉሮሮው እስኪደርቅ ይከራከራል፤ እሳቸው ያንኮራፋሉ፤ ሲነቁ ለሌላ ቀን ይቀጥራሉ። ሴትየዋ ከሩቅ አገር በእግሯ እየመጣች፣ እያለቀሰች ትመለሳለች። አያ ቢተው እሷን ባየ ቁጥር ዳኛውን ልቀስቅስ ይላል፤ ዳኛ ቀስቅሶ ግን ክርክር የሚያሸንፍ ሰው አላየም።

አንድ ቀን ችሎቱ ሲበተን ባላምባራስ እጁን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱት። ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይናቸው እንደማይዞር፣ ጠበል ተጠምቀው፣ በወጌሻ ታሽተው፣ የድሬሰሩን መርፌም ተወግተው እንዳልተሻላቸው አጫወቱት። አንተ የሐኪም ቤቱን ሰዎች ታውቃለህና፣ ለእንቅልፍ ማጣት የሚሻለኝ የትኛው ነው ብለው ጠየቁት።

«ሐኪም ምን ያደርግልዎታል፣ ጌታዬ፤ ችሎቱን ወደ ማታ ያዛውሩት እንጂ።»

ባላምባራስ እጁን ለቀው ሄዱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን፣ ከቁጣ ይሁን ከኀፍረት እንጃ፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ክርክሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ሴትየዋም መሬቷን ይዛ አገሯ ገባች።

በኋላ የመጣው ነገር ግን የሚሳቅበት አልነበረም። የፊታውራሪ አምባው ልጅ የሻሽወርቅ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከባሏ አገር ወደ አባቷ ቤት መጥታ ነበር። ምጧ ጠናባት። የመንደሩ ሴቶች የሚያውቁትን ሁሉ ሞክረው ደከሙ። ትልቁ ሐኪም ወረርሽኝ ገብቷል ተብሎ ቆላ ወርደዋል። አዋላጇ ውድነሽ ወሬውን ሰምታ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብትመጣ አሽከሮቹ ከደጅ አስቆሟት። ውድነሽ የሸማኔ ልጅ ናት።

አያ ቢተው ለክርክር መጥሪያ ሊሰጥ በዚያ ሰዓት ግቢው ደርሶ ነበር። ከእልፍኝ የሚመጣውን ጩኸት ሲሰማ መጥሪያውን ወደ ኪሱ መለሰ። የመጀመሪያ ሚስቱን የቀበራት በምጥ ነው፤ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ፊታውራሪ ዱላቸውን ተመርኩዘው ደጃፉ ላይ ይንጎራደዳሉ። ሽማግሌዎቹ አዋላጇ ትግባ ብለው ይለምኗቸዋል፤ እሳቸው የሸማኔ ልጅ እጇን በልጄ ላይ አታሳርፍም፣ ሐኪሙ እስኪመለስ እንጠብቃለን ይላሉ።

አያ ቢተው ሰዎቹን ሰንጥቆ ፊታቸው ቆመ።

«እርስዎ ይጠብቁ ጌታዬ፤ መጠበቅ አይከብድዎትም። የሚያምጡት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ግን የሸማኔውን ልጅ ቀርቶ ሸማኔውን ራሱን ከነመወርወሪያው ያስጠሩ ነበር።»

የሳቀ የለም። አሽከሮቹ ዱላቸውን ጨብጠው የጌታቸውን ዓይን ያያሉ። ፊታውራሪ አያ ቢተውን አፍጥጠው ተመለከቱት። ከውስጥ የልጃቸው ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን ግን ደክሟል፣ ጩኸትም አይባል። ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና «ትግባ» አሉ።

ልጁ በራሱ ሳይሆን በእግሩ ነበር የመጣው። ውድነሽ ገብታ ብዙ ቆየች፤ አያ ቢተው አጥሩን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ የሕፃን ልቅሶ ወጣ፤ ተከትሎም እልልታ። እናትም ልጅም ተረፉ።

የክርስትናው ዕለት ድንኳን ተተክሎ አገሩ ሁሉ ተጠራ፤ አያ ቢተውም ተጠራ። ጠጁ አንድ ጊዜ እንደዞረ ፊታውራሪ ወደ መሃል አስጠሩትና ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«በግቢዬ፣ በሰዎቼ ፊት ደፍረኸኛል» አሉት። «ልጄ ስለዳነች ብዬ ይህንን ብተወው ነገ ማንም ይደፍረኛል፤ ግርፋቱ አይቀርልህም። ነገር ግን ይህ ለእከሌ ይበቃዋል፣ ያ ለእከሊት ነው እያልክ ለአገሩ ሁሉ ሐኪም ስትመርጥ የኖርክ ሰው ነህና፣ ገራፊህን ራስህ ምረጥ።»

አያ ቢተው ጅራፍ ይዘው የቆሙትን ደንዳና አሽከሮች አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ዓይኑን ወደ በሩ አጠገብ፣ ውድነሽ ከሴቶቹ ጋር ወደተቀመጠችበት አሻገረ።

«እንግዲያስ አዋላጇ ትግረፈኝ፣ ጌታዬ፤ እሷ እጅ የገባ ሁሉ እየጮኸም ቢሆን በሕይወት ይወጣል።»